ዳገቱ ሳይፈትነን፦ ራዲያተርና ኩላንትን ቤት ውስጥ መመርመር

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት አየር ያገኛል። ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሰው ጥላ ጥላውን ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ያንን ሁሉ ከፍታ በሙቀት ውስጥ፣ ምናልባትም ሽንኩርት ወይም ማንጎ ጭኖ ይወጣዋል። የሞተር ማቀዝቀዣ ደህና መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድም የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣም እንደዚሁ።

መመርመር ያለበት ግን ዳገቱ ላይ አይደለም። ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ነው።

ብዙ ሹፌሮች ጠዋት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ክዳን ከፍተው ውሃ ይሞላሉ። ይህ ምርመራ አይደለም። ደህና መኪና ውሃ አይጨርስም። ማቀዝቀዣው ዝግ ስለሆነ የገባው ፈሳሽ፣ ውሃም ሆነ ኩላንት የሚባለው ባለቀለም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ወራቱን ሙሉ እዚያው ይዞራል። በየሳምንቱ ውሃ የሚጠጣ መኪና የሆነ ቦታ ታሟል። ውሃው የት እንደገባ ሳያውቁ መሙላት ሕመሙን መደበቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፦ ውሃው የት ሄደ?

የሚያስፈልጋችሁ

ባትሪ ወይም የስልክ መብራት፣ ነጭ ጨርቅ፣ የእጅ ጓንት፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ከውጭ የሚያሳይ ንጹሕ ብርጭቆ። መልቲሜትር ካላችሁ አውጡት፤ ከሌላችሁም ችግር የለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጋለ ሞተር የራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊፈላ ያልቻለው ክዳኑ አምቆ ስለያዘው ብቻ ነው። ሲከፈት በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ፊት ላይ ይገነፍላል። በዚህ ፊታቸውና ደረታቸው የተቃጠለ ሰዎች አሉ። ጨርቅ ደርቤ ቀስ ብዬ እከፍተዋለሁ ማለትም አያዋጣም። የላይኛውን ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ) በእጃችሁ ጨብጡት። እጃችሁ ሳይቃጠል ከቻለና ማኒኮቶው ሳይወጠር ለስለስ ካለ፣ ያኔ ይከፈታል።

አንደኛ፦ መኪናው ካደረበት ቦታ ሥር ተመልከቱ

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ጎንበስ በሉ። መሬቱ ላይ እርጥብ ቦታ አለ? ዘይት ነው ወይስ ኩላንት? ኩላንት አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይኖረዋል፤ በጣት ሲነካ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ሽታው ጣፋጭ ነው። በመቅመስ አትለዩት፣ መርዝ ነው። ጠብታው ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ማኒኮቶ ጠርጥሩ። ከቺንጋው (ፓምፑን ከሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) በኩል ከሆነ የውሃ ፓምፑን። ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ያለው ጉም ከያዘ ደግሞ ለውስጥ ማሞቂያ የተሠራችው ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች ማለት ነው።

መሬቱ አፈር ከሆነ ጠብታው ስለማይታይ ማታ ካርቶን ዘርጉበት።

ሁለተኛ፦ ልኩን እዩ

ኮፈኑን ከፍታችሁ የትርፍ ውሃ መያዣዋን ፕላስቲክ ፈልጉ። ጎኗ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ‹ፉል› እና ‹ሎው›። በቀዝቃዛ ሞተር ፈሳሹ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ግን እዚያ አትቁሙ። የራዲያተሩንም ክዳን ከፍታችሁ እዩ፤ እስከ አፉ ሙሉ መሆን አለበት። ፕላስቲኳ ሞልታ ራዲያተሩ ጎድሎ ከተገኘ ክዳኑ ወይም ሁለቱን የምታገናኘው ቀጭን ጎማ ሥራዋን አቁማለች። ሞተሩ ሲሞቅ ፈሳሹን ወደ ፕላስቲኳ ይገፋል፤ ሲበርድ መልሶ መሳብ ነበረበት፣ አልሳበም። በፕላስቲኳ ብቻ የሚያምን ሹፌር እንዲህ ያለውን አደጋ አያየውም። (አንዳንድ መኪና ራዲያተሩ ላይ ክዳን የለውም፤ ክዳኑ ያለው ፕላስቲኳ ላይ ነው። እዚያ የምታዩት ልክ እውነተኛው ልክ ነው።)

ልኩን በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ ቀኑንም ጻፉ። በሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ቆሞ ስታዩት ከጎደለ ግምት ሳይሆን ማስረጃ ይዛችኋል።

ሦስተኛ፦ ክዳኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው ከሁሉ በላይ የምትጠቅመው ይህች ትንሽ ክዳን ናት።

መንዝ ላይ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ ሁሉም እናት ያውቃል። ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን አይግልም። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ይቀንሳል። ፕሬሸር ድስት ይህን የሚያሸንፈው እንፋሎቱን አምቆ ነው። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ቁጥሮቹን አገናኙ። ብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነና ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ውሃው ይፈላል። ሞተሩ ምንም በሽታ ሳይኖርበት ማለት ነው! ሰው ግን ራዲያተር ያስጠርጋል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ያስፈታል። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ሲገጠም ያው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ያው መኪና አዲስ አበባ ውስጥ በደህና ሲሄድ ቆይቶ እኛ ጋ ሲመጣ ሂት ቢያደርግ (ከልክ በላይ ቢግል) መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክዳኑ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አመራመሩ ቀላል ነው። ክዳኑን ገልብጡት። ከታች ያለው ትልቁ ጎማ ለስላሳና ሙሉ መሆን አለበት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቀለበት ሠርቶበት ጠልቆ ከተቀረጸ አልቋል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት፤ ጠንከር ብሎ መግፋት አለበት። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ባልቦላ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ተመልሳ ጥርቅም ማለት አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ ማኒኮቶው ወደ ውስጥ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። የራዲያተሩ አፍ ላይ ዝገት ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ በጨርቅ ጥረጉት።

አዲስ ስትገዙ ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ 0.9 ከነበረ 0.9፣ 1.1 ከነበረ 1.1። ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል ብሎ መጨመር ያረጀ ራዲያተርና ማኒኮቶ ያስፈነዳል። ሥራው የሚጠረጠር ክዳን ይዞ ዳገት ከመውጣት አዲስ መግዛት በብዙ ይረክሳል።

አራተኛ፦ ኩላንቱን ብርጭቆ ላይ እዩት

ከራዲያተሩ አፍ ትንሽ ቀድታችሁ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ብርሃን ላይ ያዙት። ከፕላስቲኳ አትቅዱ፤ እዚያ ያለው ከሞተሩ ጋር እኩል ላይቀላቀል ይችላል።

ጥሩ ኩላንት ብርጭቆው ጀርባ የያዛችሁትን ጣት ያሳያል፤ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ከታች ምንም አይቀመጥም። ቡናማ ወይም የሻይ መልክ ካለው ዝገት ነው። ደመናማ ሆኖ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ከጣለ ሁለት የማይስማሙ ኩላንቶች ተቀላቅለዋል፣ አለዚያም ጠንካራ ውሃ ሲጨመርበት ኖሯል። ነጭ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ የራዲያተሩን አፍ ከውስጥ ጥረጉት። ቀይ ዝገት ወይም ዝልግልግ ነገር ከያዘ ኩላንቱ መከላከያውን ጨርሷል። ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ ወይም ቅቤ የመሰለ ነገር ካለ ግን መኪናውን አታንቀሳቅሱ። በማኑዋል መኪና ከሆነ ቴስታታው ወይም የዘይት ማቀዝቀዣው ነው የሚጠረጠረው፤ አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትም ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

መልቲሜትር ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መልቲሜትሩ ዲሲ ቮልት ላይ ሆኖ፣ ጥቁሩን ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ ብቻ ንከሩት። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ኩላንቱ አሲዳማ ሆኖ ብረት መብላት ጀምሯል፤ ይቀየር። ከዚህ በታች መሆኑ ብቻ ግን ጥሩ ነው አያሰኝም፤ ቀለሙንና ዝቃጩንም አብራችሁ ፍረዱ።

የቅዝቃዜ አቅሙን ለማወቅ ጋራዦች ውስጥ የሚገኘው መለኪያ ይሻላል፤ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። አንድ ሦስተኛው ኩላንት የሆነ ደግሞ እስከ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ይይዛል። የኛ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ለውርጩ ብቻ ከሆነ አንድ ሦስተኛውም ይበቃል። እኔ ግን እኩል በእኩሉን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ከዝገት የሚጠብቀውና የመፍያ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገውም ያው ኩላንት ነው።

ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልተው ደብረ ብርሃን ወይም የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መኪናቸውን ውጭ ለሚያሳድሩ አንድ ቃል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል። ሞተሩ ትልቅ ብረት ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ቀድመው ይያዛሉ። ጠዋት ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ጠብታ ከታየ ከዚያ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ ማኒኮቶ፣ ፋሼታ፣ ቺንጋ

እዚህ ዓይንና እጅ ይበቃል። ማኒኮቶዎቹን አንድ በአንድ ጨብጡ። ደህናው እንደ አዲስ ጎማ ተጨምቆ ይመለሳል። ሲጨበጥ ውስጡ እንደ ደረቅ ነገር የሚንኮሻኮሽ፣ ያበጠ፣ ወይም ጫፉ ላይ የለሰለሰ ማኒኮቶ ይቀየራል። ፋሼታው (የማኒኮቶው ማሰሪያ ቀለበት) አካባቢ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት ካለ እዚያ እያፈሰሰ ይደርቃል ማለት ነው። ጠብታ ባይኖርም የጎደለው ውሃ መልሱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹን ጎማዎች አትርሱ፤ ከቴስታታው ጀርባ የተደበቁት ብዙ ጊዜ ሳይታዩ የሚፈነዱት ናቸው።

ቺንጋውን ረጅሙ ክፍተት ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። በቆዩ መኪናዎች አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መስጠት አለበት። ከተሰነጠቀ፣ ክር ከጣለ ወይም ጠርዙ ካበራ ይቀየር። የውሃ ፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷ ጋ የፈሰሰ መስመር ካለ የፓምፑ ውስጥ ማኅተም አልቋል፤ አትድፈኗት፣ የተሠራችው ይህንን እንድትነግራችሁ ነው።

ስድስተኛ፦ የራዲያተሩ ፊት

በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ሲወቃ መንገዱ ሁሉ ገለባ ነው። ገለባው የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች ይሞላል፤ ክረምቱ የተወው ጭቃ ከተጨመረበት አየር አያልፍም። ኤሲ ያለው መኪና ከሆነ ከፊት የምታዩት ራዲያተሩ ሳይሆን የኤሲው ኮንደንሰር ነው፤ ቆሻሻው በሁለቱ መካከል ይሸጎጣል። ስለዚህ ከፊት ንጹሕ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ከጀርባ መብራት አድርጋችሁ በፊት በኩል እዩ። ብርሃን በነጠብጣብ ካልታየ ተደፍኗል።

አጠባው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው፤ ቆሻሻው በገባበት ይወጣል። ላቫጆ ቤት ስትሄዱ ፕሬሸሩን ከሩቅ እንዲይዙት ንገሯቸው። በቅርብ ከተተኮሰ ክንፎቹን አስተኝቶ ከነበረው የባሰ ይዘጋዋል።

ሰባተኛ፦ አሁን አስነሱት

እጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ራዲያተሩ ላይ ክዳን ባለው መኪና ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩን ከቅዝቃዜው አስነሱ። አፉ ላይ እዩ፣ ፊታችሁን ግን አታስጠጉ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ የታመቀ አየር ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ አረፋው ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ከጨመረ፣ ወይም ፈሳሹ ወደ ውጭ ከተተፋ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ጭስ ወደ ውሃው እያሳለፈ ነው። ክዳኑ ከተዘጋም በኋላ ሌላ ምልክት አለ፦ ሞተሩ ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ይወጠራል። ደህና ጋራዥ ይህንን በፈሳሽ መርምሮ ያረጋግጣል፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ጭስ ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ቴስታታ ከማስፈታታችሁ በፊት ይህንን ጠይቁ።

ሁለት ነገር በኛ ብርድ ሰውን ያስደነግጣል። ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት አንዱ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ጤዛ ነው። ሞቆም ካላቋረጠና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ኩላንት እየተቃጠለ ነው። ሁለተኛው የዘይት ክዳኑ ውስጥ የሚታይ ወተት የመሰለ ቅባት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አጭር አጭር ለሚነዳ መኪና ይህ በእርጥበት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ክዳኑን ጥረጉት፣ ረጅም መንገድ ሂዱ፣ እንደገና እዩ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከሆነ ግን ሞተሩን አታስነሱ።

የራዲያተሩን ክዳን ዝጉና የሙቀት ጌጁን እያያችሁ ጠብቁ። የላይኛው ማኒኮቶ ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይሞቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይም ጭራሹኑ የለም። ጌጁ እየወጣ ማኒኮቶው ቀዝቃዛ ከሆነ ተዘግቶ ቀርቷል፤ ሞተሩን አጥፉ። በመጨረሻ ፋኑ መነሳት አለበት፣ ጌጁም መመለስ። ኤሲ ያለው መኪና ላይ ኤሲውን ስታበሩ ፋኑ ወዲያው ካልዞረ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። በቺንጋ የሚዞር ፋን ያላቸው እንደ አይሱዙ ያሉት ላይ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ትንሽ መያዝ አለበት። ተገፍቶ ብዙ ዙር በራሱ የሚሽከረከር ከሆነ የፋኑ ክላች ሞቷል፤ ሜዳ ላይ አይታወቅም፣ ዳገት ላይ ይታወቃል።

የውስጥ ማሞቂያውንም ክፈቱት። ሞተሩ ሞቆ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ታምቋል።

ቴርሞስታት አውጡት ለሚሏችሁ

ይህ ምክር በየጋራዡ አለ፤ እኔ በፍጹም አልስማማበትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በኛ ብርድ በሚገባው ሙቀት ሳይሠራ ይውላል። ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይከማቻል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ አብሮ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። ለሂት መፍትሔ የተባለው ነገር ዳገት ላይ ሂት ያባብሳል ማለት ነው።

ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ቀቅለው የሚመረምሩም አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የምትቀቅሉበትን ቦታ አስቡ። ቴርሞስታት መከፈት ከጀመረ በኋላ ሙሉ ለሙሉ ለመከፈት ተጨማሪ አሥር ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው 90 ላይ ስለሚፈላ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በከፊል ብቻ ይከፈታል፤ 88 የተጻፈበት ደግሞ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። መከፈት ሲጀምር ቴርሞሜትሩ ስንት እንዳለ እዩ፤ ፍርዱ እሱ ነው።

ስንጨምርና ስንቀይር

የኩላንት ቀለም ዓይነቱን አያረጋግጥም። አንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል። ስለዚህ በቀለም ሳይሆን መኪናው በሚፈልገው ዓይነት ግዙ፤ የማሽከርከሪያ መጽሐፉ ላይ ወይም ክዳኑ አካባቢ ተጽፏል። ውስጡ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ ሙሉ ለሙሉ አጥቦ መቀየር ከመቀላቀል ይሻላል። የተለመደው አረንጓዴ በሁለት ዓመት ገደማ ይቀየራል። ረጅም ዕድሜ ያላቸው አሉ፤ የቶዮታው ሮዝ ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚባለው። ያ ግን ውሃ ሳይጨመርበት ለቆየ መኪና ነው። ብዙዎቹ ያገለገሉ መኪናዎች እጃችን ሲገቡ ውስጣቸው ያለው ምን እንደሆነ አይታወቅምና፣ መኪና ከገዛችሁ ታጥቦ ይቀየር ባይ ነኝ።

ጄሪካኑ ላይ ‹ተቀላቅሎ የተዘጋጀ› የሚል ከሆነ ውሃ አይጨመርበትም። ያልተቀላቀለ ከሆነ በዲስቲልድ ውሃ ቀላቅሉት። ሱቅ ሄዳችሁ “የባትሪ ውሃ” ስትሉ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ዲስቲልድ ከጠፋ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድና ከቧንቧ ይሻላል፤ ቅርፊት የሚሠራው ማዕድን የለውም።

ከሞላችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ። የመኪናው ፊት ከፍ ብሎ ይቁም፣ የውስጥ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ይሁን፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ከቅዝቃዜው ይነሳ። አረፋው እየወጣ ሲጎድል ሙሉ። አረፋው ሲያቆምና የላይኛው ማኒኮቶ መሞቅ ሲጀምር ክዳኑን ዝጉ፤ ውሃው እስኪግል ከፍታችሁ አትጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እዩት፤ ትንሽ መጉደሉ አይቀርም።

የወጣውን አሮጌ ኩላንት መሬት ላይ አትድፉት። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ በግ ይጠጣዋል፣ ሕፃን ይቀምሰዋል፤ ትንሹም ኩላሊት ያጠፋል። በግ በየደጁ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክዳን ባለው ጄሪካን አድርጋችሁ፣ የሚጠጣ ነገር እንዳይመስል ጽፋችሁበት፣ ለጋራዥ አስረክቡ።

መንገድ ላይ ጌጁ ከወጣ

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ጌጁ ከተለመደው ቦታው ከፍ ሲል አትጠብቁ። ኤሲውን አጥፉ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፤ ይጨንቃል እንጂ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ማርሽ ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ መታጠፊያ ላይ አትቁሙ። እንፋሎት ከሌለና ውሃው ካልፈሰሰ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ ውሃው እየዞረ ይበርዳል። እንፋሎት ከወጣ፣ ጌጁ ቀይ ከነካ፣ ወይም ማሞቂያው በድንገት ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ ወዲያው አጥፉ። የመጨረሻው ምልክት ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ጌጁም ሊዋሽ ይችላል፣ ውሃ ከሌለ የሚለካው አየር ነው።

ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ስትነሱ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሱት፤ በጉም ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው አያየውም።

ሰዎች ጄሪካን ይዘው ይሰበሰባሉ፣ “አፍስሱበት” ይላሉ። በጎ አስበው ነው። አመስግኗቸውና ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታ ያጣምማል፣ ይሰነጥቃልም። ግማሽ ሰዓት፣ ካስፈለገም አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ማኒኮቶው ሲለሰልስ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ውሃውን በቀጭኑ ጨምሩ። ለዚያ ቀን ማንኛውም ንጹሕ ውሃ ይሆናል፤ ቤት ስትደርሱ ግን ይቀየራል። ከሱቅ የሚሸጠውን የቀዳዳ መድፈኛ አትጨምሩ፤ የሚደፍነው ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦም ነው።

ከተነሳችሁ በኋላ ጌጁ ወዲያው ተመልሶ ከወጣ ዳገቱን አትጨርሱ። የመኪና መጎተቻ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጌጁ ቦታው ላይ ከቆየ ደግሞ እስከ ደብረ ብርሃን ቀስ ብላችሁ ግቡ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክዳኑን ገልብጣችሁ ከማየት ጀምሩ።